ወደ መርከብ የሚገባው የወይን ጠርሙስ፤ ልኩን የሚቆጥረው ማን ነው?

በመዝናኛ መርከብ ተሳፍሮ ለአንድ ሳምንት ያህል ከወደብ ወደብ መጓዝ በአሜሪካና በአውሮፓ የተለመደ የእረፍት ማሳለፊያ ነው። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ከዋሽንግተን ብዙም ከማይርቀው የባልቲሞር ወደብ ወይም ከፍሎሪዳ ወደቦች ተነስተው ወደ ባሃማስና ወደ ሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች ይጓዛሉ። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የሄዱ እናትና አባትም «እስቲ ባሕር ይዩ» ተብለው አብረው የሚሳፈሩበት ጊዜ አለ።

ከጉዞው በፊት ደጋግመው ከሚነሱ ጥያቄዎች አንዱ «የራሳችንን ወይን ይዘን መግባት እንችላለን ወይ?» የሚለው ነው። የጥያቄው ምክንያት ግልጽ ነው። በመርከብ ላይ መጠጥ ውድ ስለሆነ አንድ ጠርሙስ ከቤት ይዞ መግባት ወጪን ይቀንሳል። በክፍል ሆኖ ከቤተሰብ ጋር እየተጨዋወቱ መጎንጨትም የራሱ ደስታ አለው። ይሁን እንጂ ጥያቄው ከገንዘብ ባሻገር የጤና ጉዳይ አለበት። በመርከቡ ቡና ቤት የሚቀርበው መጠጥ ተለክቶ ይቀዳል፣ በተሳፋሪው ሒሳብም ይመዘገባል። አስተናጋጁም ሰውዬው መጠኑን እንዳለፈ ካየ ሊከለክለው ይችላል። በክፍል ውስጥ የሚከፈተውን ጠርሙስ ግን የሚለካውም የሚቆጥረውም የለም። ቆጣሪው ራሱ ጠጪው ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ቆጠራ እንዴት ማከናወን እንደሚቻልና በባሕር ላይ ለምን የተለየ ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ይመለከታል።

የመርከብ ኩባንያዎች ደንብ

ደንቡ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። እንደ ካርኒቫልና ሮያል ካሪቢያን ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎች ለመጠጥ ዕድሜው የደረሰ እያንዳንዱ ተሳፋሪ 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ የታሸገ የወይን ወይም የሻምፓኝ ጠርሙስ በመሳፈሪያው ዕለት በእጅ ሻንጣ ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳሉ። ኖርዌጂያን የተባለው ኩባንያ ወይን ይዞ መግባትን የሚፈቅደው ለእያንዳንዱ ጠርሙስ በማስከፈል ነው። ኤምኤስሲን የመሰሉ ደግሞ ማንኛውንም የአልኮል መጠጥ ይዞ መግባትን ይከለክላሉ። ደንቦቹ በየጊዜው ስለሚሻሻሉ ከጉዞው በፊት የኩባንያውን የወቅቱን ደንብ ማንበብ ያስፈልጋል።

በብዙዎቹ ዘንድ የጋራ የሆኑ ነጥቦችም አሉ። እንደ ውስኪ፣ ቮድካና አረቄ ያሉ ጠንካራ መጠጦችን ይዞ መግባት አይፈቀድም። ከተሳፋሪው ላይ ከተገኙ ይወሰዳሉ። በየወደቡ የተገዛ ጠንካራ መጠጥም በመርከቡ ሠራተኞች እጅ ተቀምጦ በጉዞው ማብቂያ ለባለቤቱ ይመለሳል። ከአሜሪካ ወደቦች በሚነሱ መርከቦች ላይ የመጠጫ ዕድሜው በአብዛኛው 21 ነው። ይህ በ2011 ዓ.ም በአገራችን የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ለአልኮል ሽያጭ ካስቀመጠው የዕድሜ ገደብ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ከቤተሰብ ጋር የተሳፈረ የ18 ወይም የ19 ዓመት ወጣት በክፍል ውስጥ ከወላጆቹ ጠርሙስ ቢቀዳለት ደንቡን መጣስ ይሆናል።

ከቤት የተጣለ ጠጅ በፕላስቲክ ወይም በአሮጌ ጠርሙስ ሞልቶ ለመግባት መሞከርም አያዋጣም። መርከቦቹ የሚቀበሉት በፋብሪካ የታሸገውንና ያልተከፈተውን ብቻ ነው። ከጤና አንጻር ሲታይም ክልከላው ምክንያት አለው። በቤት ጠጅ ዕቃ ላይ የአልኮል መጠኑ አልተጻፈም። መጠኑም እንደ ማሩ ብዛት፣ እንደ ጌሾውና እንደ መፍያው ቀናት ስለሚለያይ ጠጪው ስንት እንደጠጣ ለማስላት የሚነሳበት ቁጥር የለውም። በፋብሪካ ወይን ላይ ግን ይህ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል።

በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ያለው መጠን

ብዙ ሰው «አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው የጠጣሁት» ሲል በትክክል የሚያውቀው የብርጭቆውን ቁጥር እንጂ የአልኮሉን መጠን አይደለም። የጤና ባለሙያዎች የሚቆጥሩት ንጹሑን አልኮል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። አልኮሉ 12 በመቶ የሆነ 750 ሚሊ ሊትር ወይን 90 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ይይዛል። ይህ በክብደት ወደ 71 ግራም ይጠጋል።

በአሜሪካ «አንድ መጠጥ» የሚባለው መለኪያ 14 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ነው። ይህም 12 በመቶ ከሆነ ወይን ወደ 150 ሚሊ ሊትር፣ 5 በመቶ ከሆነ ቢራ ወደ 355 ሚሊ ሊትር፣ 40 በመቶ ከሆነ ጠንካራ መጠጥ ደግሞ ወደ 44 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በዚህ ልኬት አንድ የወይን ጠርሙስ 5 መጠጥ ይሆናል። የወይኑ ጥንካሬ 14 በመቶ ከሆነ ያው ጠርሙስ ወደ 6 መጠጥ ይጠጋል። ትልቅ የወይን ብርጭቆ 250 ሚሊ ሊትር ሊይዝ ስለሚችል ሦስት ጊዜ ተሞልቶ ሲቀዳ ጠርሙሱ ያልቃል። ጠጪው ሦስት ብርጭቆ ቢቆጥርም ሰውነቱ የተቀበለው አምስት ወይም ስድስት ነው።

በአገራችን የጠጅ ቤት ልማድ መቁጠር አይከብድም። ብርሌው ልኩ የታወቀ ነው፤ ስንት እንደጠጡም ሒሳብ ሲከፈል ይታወቃል። በቤት ግብዣ ላይ ግን አስተናጋጁ ብርጭቆው ሳይጎድል «በሞቴ» እያለ ስለሚጨምር እንግዳው ቁጥሩ ይጠፋበታል። በመርከብ ክፍል ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። መፍትሔው ብርጭቆው ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ አለማስጨመርና ሌላውንም «በሞቴ» ብሎ አለማስገደድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ) ባወጣው መግለጫ ለጤና ጉዳት የለውም ሊባል የሚችል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። አልኮል በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ምድብ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ የማይጠጣ ሰው ለጤናዬ ብሎ መጀመር አያስፈልገውም። ለሚጠጡ ሰዎች ጉዳቱን ዝቅ ለማድረግ የብሪታንያ የጤና ባለሥልጣናት ከ2016 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ወንድም ሆነ ሴት በሳምንት ከ14 ዩኒት እንዳያልፉና መጠኑንም በሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቀናት እንዲያከፋፍሉት ይመክራሉ። ባለ 12 በመቶው ጠርሙስ 9 ዩኒት ነው። በዚህ መሠረት በሰባት ቀን ጉዞ አንድ ሰው አንድ ጠርሙስ ከፋፍሎ ቢጠጣ ከገደቡ በታች ይሆናል፤ ሁለት ጠርሙስ ከጠጣ ግን 18 ዩኒት ደርሶ ገደቡን ያልፋል። ከጠርሙሱ በተጨማሪ በየምሽቱ ከመርከቡ ቡና ቤት የሚጠጣውም አብሮ መቆጠር አለበት።

ትልቁ አደጋ ሳምንቱን ሙሉ ይበቃል የተባለው ጠርሙስ በመጀመሪያው ምሽት ሲያልቅ ነው። በአሜሪካ የሕክምና መለኪያ አንድ ወንድ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ 5፣ አንዲት ሴት ደግሞ 4 መጠጥ ከጠጡ ከልክ ያለፈ የአንድ ጊዜ መጠጣት ይባላል። ይህም ለአንድ ሰው የተፈቀደው ጠርሙስ መሆኑ ነው። አንዳንድ ኩባንያዎች ለሚሸጡት የመጠጥ ጥቅል በ24 ሰዓት ውስጥ 15 የአልኮል መጠጥ የሚል ጣሪያ ያስቀምጣሉ። ይህ የንግድ ጣሪያ እንጂ የጤና ልክ እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም።

ባሕርና ወይን በጆሮ ውስጥ ሲገናኙ

መርከብ ላይ መጠጣት የብስ ላይ ከመጠጣት የሚለይበት አንዱ ምክንያት በጆሯችን ውስጥ ይገኛል። በውስጠኛው ጆሮ ሦስት ቅስት የሆኑ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። በውስጣቸው ፈሳሽ ያለ ሲሆን፣ ጭንቅላታችን ሲዞር ፈሳሹ ለስላሳ መጋረጃ የመሰለ አካል እየገፋ አንጎልን «እየዞርክ ነው» ብሎ ያሳውቃል። ሚዛናችንን ጠብቀን የምንቆመው ከዓይናችን፣ ከእግራችንና ከዚህ አካል የሚመጡ መልእክቶች ሲስማሙ ነው።

መርከቡ ሲናወጥ መልእክቶቹ ይጋጫሉ። በክፍል ውስጥ ያለ ሰው ዓይኑ የሚያየው ግድግዳ የቆመ ሲሆን ጆሮው ግን እንቅስቃሴ ይሰማዋል። ማቅለሽለሽ፣ ላብ፣ የፊት መገርጣትና ማስመለስ የሚከተሉት ከዚህ ግጭት የተነሳ ነው። አልኮል ደግሞ ይህንኑ አካል በሌላ መንገድ ያውከዋል። አልኮል ከውኃ ስለሚቀል፣ ከደም ወጥቶ ቀድሞ ወደ መጋረጃው ሲገባ መጋረጃውን በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ያቀለዋል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ጋደም ሲል ክፍሉ የሚዞር ይመስለዋል። ከሰዓታት በኋላ አልኮሉ ከመጋረጃው ቀድሞ ሲወጣ ሚዛኑ በተቃራኒው ስለሚዛባ በማግሥቱም ዞሮበት ሊነሳ ይችላል።

ስለዚህ «ወይን የባሕሩን ማቅለሽለሽ ያስታግሳል» የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። ሁለቱ በአንድ ላይ ሲመጡ እንዲያውም ይባባሳል። ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ጠርሙሱን ትቶ ወደ ክፍት አየር ቢወጣ፣ ዓይኑን ሰማይና ባሕር በሚገናኙበት መስመር ላይ ቢያሳርፍ፣ በመርከቡ መሐል ዝቅ ባለው ደርብ ቢቀመጥና ውኃ በትንሽ በትንሹ ቢጠጣ ይሻለዋል።

ከማቅለሽለሽ መድኃኒት ጋር አይቀላቀልም

ብዙ ተጓዦች ለማቅለሽለሹ መከላከያ መድኃኒት ይይዛሉ። መክሊዚን፣ ዳይመንሃይድሪኔትና ፕሮሜታዚን በእንክብል ከሚወሰዱት መካከል ናቸው። ስኮፖላሚን የተባለው ደግሞ ከጆሮ ጀርባ ይለጠፍና እስከ ሦስት ቀን ድረስ መድኃኒቱን በቆዳ በኩል ይለቃል። አራቱም እንቅልፍና ድንዛዜ ያመጣሉ። አልኮልም እንዲሁ። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጎለብታል። በየብስ ላይ ቀለል ያለ ሞቅታ ብቻ የሚሰጥ አንድ ብርጭቆ ወይን ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ሲሆን ደረጃ ላይ ሊጥል ይችላል።

እዚህ ላይ በቀላሉ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከጆሮ ጀርባ የተለጠፈው መድኃኒት በጠዋት ተውጦ በማታ እንዳለቀ ክኒን አይደለም፤ እስካልተነሳ ድረስ እየሠራ ነው። በመሳፈሪያው ዕለት የለጠፈ ሰው በሁለተኛው ምሽት ወይን ሲጠጣ መድኃኒቱ በሰውነቱ ውስጥ አለ። የግላኮማ ሕመም ያለበት ወይም በፕሮስቴት ምክንያት ሽንት የሚያስቸግረው ሰው ደግሞ ይህን መድኃኒት ሐኪም ሳያማክር መለጠፍ የለበትም።

ወላጆችን ይዘው ለሚጓዙ

ከላይ እንደጠቀስነው ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ሄደው በመርከቡ የሚሳፈሩ ወላጆች አሉ። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ናቸው። ልጆች ደግሞ ለዓመታት ርቀው ስለኖሩ አባታቸው ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ላያውቁ ይችላሉ። ደስታ ባለበት ማዕድ ላይ «አባዬ፣ ለዛሬ እንኳን አንድ ይቅመሱ» ማለት ፍቅር ነው። ከዚያ በፊት ግን የመድኃኒቱን ስም መጠየቅ ይገባል።

ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድን የመሰለ ክኒን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ በባዶ ሆዱ ከጠጣ የደሙ ስኳር አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊወርድ ይችላል። ጉበት በጾም ሰዓት ስኳር እየሠራ ወደ ደም ይለቃል፤ አልኮል ሲገባበት ግን ይህ ሥራው ይዳከማል። የስኳሩ መውረድ ከመጠጡ ብዙ ሰዓት ቆይቶ በእንቅልፍ ላይ ሊመጣም ይችላል። እጅግ አሳሳቢው ነገር ምልክቱ ከስካር ጋር መመሳሰሉ ነው። ላብ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ንግግር መንተባተብ፣ ግራ መጋባትና መንገዳገድ በሁለቱም ይታያሉ። ቤተሰብ «ትንሽ ሞቅ ብሏቸው ነው፤ ይተኙ» ብሎ ከተዋቸው ሕይወታቸው ሊያልፍ ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ ጠጥቶ ግራ ከተጋባ ወዲያውኑ የደም ስኳሩ ይለካ። መለኪያ ከሌለና መዋጥ ከቻለ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም ጣፋጭ ጭማቂ ይሰጠው፤ ሐኪምም ይጠራ። ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ነገር አይሰጠውም። ሜትፎርሚን የሚወስዱ ሰዎች አብዝተው ከጠጡ ደግሞ በደም ውስጥ የአሲድ መከማቸት ሊገጥማቸው ይችላል።

የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከወይን በኋላ ከተቀመጠበት ሲነሳ ግፊቱ ወርዶ ሊያዞረው ይችላል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የደም መፍሰስ አደጋው ይጨምራል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ጉበቱን ለከፋ ጉዳት ያጋልጣል። ዲያዜፓምን ወይም ትራማዶልን የመሰሉ መድኃኒቶች ከአልኮል ጋር ሲገናኙ ትንፋሽን እስከ ማዳከም ይደርሳሉ። ለራስ ምታት ተብሎ የሚዋጠው አይቡፕሮፌንም ከመጠጥ ጋር ጨጓራን ሊያደማ ይችላል። በዕድሜ የገፋ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ያለው ውኃ ስለሚቀንስ ከወጣትነቱ ጋር እኩል ቢጠጣ እንኳ በደሙ ውስጥ የሚገኘው አልኮል ይበዛል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ደግሞ በየትኛውም ወር ቢሆን አልኮልን ሙሉ በሙሉ እንድትተው ይመከራል።

ሙቀት፣ ሙቅ ገንዳና የመርከቡ አጥር

የካሪቢያን ፀሐይ ብርቱ ናት። አልኮል ደግሞ ኩላሊት ውኃን እንዲያስቀር የሚያዝዘውን ሆርሞን ስለሚቀንስ ሽንት ይበዛል። ላብና ሽንት ተደምረው ሰውነት ፈሳሽ ሲያጣ ራስ ምታት፣ ድካምና የልብ መምታት ይከተላሉ። ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ወይን ጋር አንድ ብርጭቆ ውኃ መጠጣት፣ በቀትር ፀሐይ ደግሞ ጨርሶ አለመጠጣት ተገቢ ነው።

ጠጥቶ ወደ ሙቅ ገንዳ መግባትም ጉዳት አለው። ሙቀቱም አልኮሉም የደም ሥሮችን ስለሚያሰፉ ግፊት በድንገት ይወርድና ሰውየው በውኃ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። በእረፍት ቀናት አብዝተው የሚጠጡ ጤነኛ የሚመስሉ ሰዎች ላይ የልብ ምት መዛባት እንደሚከሰትም ሐኪሞች ከታወቀ ቆይቷል። «የበዓል ልብ» የሚል ስም የሰጡት በ1978 (እ.ኤ.አ) ነው። ልቡ ሳይሮጥ በፍጥነትና ሥርዓት ባጣ ሁኔታ የሚመታበት፣ ደረቱን የሚያመው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው «መጠጡ ነው፤ ያልፋል» ሳይል ወደ መርከቡ ሐኪም መሄድ አለበት።

የአሜሪካ ሕግ በአሜሪካ ወደቦች ተሳፋሪ የሚያሳፍሩ መርከቦች አጥር ከ42 ኢንች፣ ማለትም ከ1 ሜትር ከ7 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዳያንስ ያዛል። ይህ ከፍታ የቆመን ሰው ይጠብቃል። በአጥሩ ላይ የሚቀመጠውን ወይም ፎቶ ለመነሳት ወንበር ላይ ወጥቶ የሚንጠራራውን ግን ሊጠብቀው አይችልም። ክፍሉ በረንዳ ያለው ሰው ጠርሙሱን ወደ በረንዳ ሲያወጣ ይህን ያስብ። በሌሊት ከመርከብ የወደቀን ሰው ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

በሻምፑ ዕቃ የሚደበቅ መጠጥ

አንዳንድ ተሳፋሪዎች ጠንካራ መጠጥ መከልከሉን ለማለፍ በሻምፑ ወይም በአፍ መጉመጥመጫ ዕቃ ውስጥ ሞልተው ለማስገባት ይሞክራሉ። አንዳንዱ ቮድካውን የመጉመጥመጫ ቀለም ያስይዘዋል። ይህ ደንብ ከመጣሱ በላይ የጤና አደጋ አለው። በመጀመሪያ ዕቃው ላይ የሚታየው ጽሑፍ ከውስጡ ካለው ነገር ጋር አይገናኝም። በክፍሉ ውስጥ ያለ ሕፃን ቀለሙን አይቶ ቢጎነጭ ጥቂቱ እንኳ የደሙን ስኳር አውርዶ ራሱን ሊያስተው ይችላል። ሁለተኛ፣ ዕቃው በሚገባ ካልታጠበ የሳሙናና የኬሚካል ቅሪት አብሮ ይጠጣል። ሦስተኛ፣ 40 በመቶ የሆነ መጠጥ ያለ መለኪያ ሲቀዳ አንድ የወይን ብርጭቆ የሚያህለው ከሦስት መጠጥ በላይ ይሆናል። የሚፈቀደውን የታሸገ ወይን በግልጽ ይዞ መግባት ከዚህ ሁሉ ይሻላል።

ከእውነት የራቁ እምነቶች

«ወይን የሆድ ተሕዋስያንን ይገድላል» የሚሉ አሉ። በመርከብ ላይ ተቅማጥና ትውከት ከሚያመጡት ዋነኛው ኖሮቫይረስ ሲሆን፣ ከአንድ ሰው ወደ ሌላው በፍጥነት ይዛመታል። የእጅ ሳኒታይዘር እንኳ ይህን ቫይረስ በሚገባ አይገድለውም፤ ወይን መጠጣትማ ምንም አይከላከልም። መከላከያው ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ በኋላ እጅን በሳሙናና በውኃ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ ነው። ተቅማጥ የያዘው ሰው ሕመሙን ለመርከቡ ሐኪም ቤት ያሳውቅ፤ ፈሳሽ እንዳያጣም አልኮልን ይተው።

«ወይን ያስተኛል» የሚለውም በግማሽ ብቻ ትክክል ነው። ቶሎ እንቅልፍ ሊያመጣ ይችላል፤ ሆኖም ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። «ጥቁር ቡና ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ስካርን ያበርዳል» የሚለው ደግሞ ጨርሶ ስሕተት ነው። ጉበት አንድ መጠጥ ለማስወገድ በአማካይ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ቡናው ይህን አያፋጥነውም፤ የሰከረውን ሰው ነቅቶ እንዲሰክር ያደርገዋል እንጂ።

በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ሲያቆም

አንድ ጠርሙስ ብቻ መፈቀዱ በየቀኑ አብዝቶ መጠጣት ለለመደ ሰው ሌላ ችግር ያስከትላል። ጉዞውን መጠጥ ለማቆም እንደ ጥሩ አጋጣሚ የሚቆጥሩም ይኖራሉ። ሐሳቡ የሚደነቅ ነው። ሆኖም ሰውነቱ አልኮልን የለመደ ሰው በድንገት ሲያቆም ከሰዓታት በኋላ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ጭንቀት ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታን የመሰለ መንቀጥቀጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ የሌለ ነገር ማየትና ከባድ የአእምሮ መታወክ ሊገጥመው ይችላል። ይህ ሕክምና ካላገኘ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ማቆም ያለበት ከሐኪም ጋር ተመካክሮ በየብስ ላይ ነው እንጂ ሆስፒታል በሌለበት በባሕር መካከል አይደለም።

አደጋ ሲያጋጥም

ጠጥቶ የተኛ ሰው ሲቀሰቅሱት ካልነቃ፣ በደቂቃ ከስምንት ጊዜ በታች ከተነፈሰ ወይም በሁለት ትንፋሽ መካከል ከ10 ሰከንድ በላይ ካለፈ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ወደ ሰማያዊነት ወይም ወደ አመድ መልክ ከተለወጠ በአልኮል ተመርዟል ማለት ነው። «ይተኛና ይለፍለት» ብሎ መተው አይገባም። ትውከት እንዳያንቀው በጎኑ ማስተኛት፣ ብቻውን አለመተውና በክፍሉ ስልክ ላይ ወደተጻፈው የአደጋ ጊዜ ቁጥር መደወል ያስፈልጋል።

በመርከብ ላይ ሐኪምና አነስተኛ ሕክምና መስጫ ቢኖርም ከባድ ሕመምተኛ ወደ የብስ መወሰድ ይኖርበታል። መርከቡ ከወደብ ርቆ ከሆነ ይህ ብዙ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ወጪውም ከፍተኛ ነው። ብዙ የጉዞ መድን ውሎች ደግሞ ከስካር ጋር ለተያያዘ አደጋ አይከፍሉም። ስለዚህ ውሉን ቀድሞ ማንበብ ይመከራል።

ከመሳፈር በፊት

ጉዞ ያሰቡ አንባቢያን ጠርሙሱን ሻንጣ ውስጥ ከማስገባታቸው በፊት ጥቂት ነገሮችን ቢያከናውኑ ይበጃል። የመርከቡን የወቅቱን ደንብ ያንብቡ። አብረዎት የሚጓዙትን ሰዎች መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ጽፈው ለሐኪም ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ ያሳዩ፤ «ከዚህ ጋር ወይን መጠጣት ይቻላል ወይ?» ብለውም ይጠይቁ። መድኃኒቶቹን ከነማሸጊያቸው በእጅ ሻንጣ ይያዙ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የአልኮል መጠን ይመልከቱ። አንድ ጠርሙስ ለስንት ሰውና ለስንት ምሽት እንደሚሆን አስቀድመው ይወስኑ። ጠርሙሱ በተከፈተበት ቀን ሁሉ ማለቅ የለበትም፤ በቡሹ ተከድኖ በክፍሉ ማቀዝቀዣ ከተቀመጠ ለቀጣዮቹ ቀናት ይቆያል።

የመጀመሪያው ምሽት ያለ መጠጥ ቢያልፍ ደግሞ መልካም ነው። ሰውነት ከመርከቡ መናወጥ ጋር የሚላመደው፣ የማቅለሽለሽ መድኃኒትም ምን ያህል እንደሚያደነዝዝ የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው። ከመካከላችሁ «አልጠጣም» ያለ ሰው ካለ ምክንያቱን ሳትጠይቁ ውኃ ወይም ጭማቂ ቅዱለት። በመርከቡ ቡና ቤት የሚቆጥር አስተናጋጅ አለ፤ በክፍላችሁ ውስጥ ግን ያ ኃላፊነት ጠርሙሱን የከፈተው ሰው ነው።